የተማሪው እጅና የሕመምተኛው ፈቃድ

የቀዶ ሕክምና ትምህርት መጨረሻው ሰው ላይ ነው። ተማሪው መጽሐፉን ቢያገላብጥ፣ በአስከሬን ቢማር፣ በእንስሳ ቆዳ ላይ ስፌት ቢለማመድ፣ አንድ ቀን ስምና ቤተሰብ ያለውን ሕያው ሰው መስፋቱ አይቀርም። ያ ቀን ካልመጣ የነገው ቀዶ ሐኪም አይኖርም። የላንሴት የዓለም ቀዶ ሕክምና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሪፖርት፣ አምስት ቢሊዮን ያህል ሰው አስተማማኝና ከአቅሙ ያልበለጠ ቀዶ ሕክምና በጊዜው እንደማያገኝ ገልጿል፤ ለ100,000 ሕዝብም ቢያንስ 20 የቀዶ ሕክምና፣ የማደንዘዣና የማህፀን ስፔሻሊስቶች ያስፈልጋሉ ብሏል። ኢትዮጵያ ከዚህ ቁጥር እጅግ የራቀች ናት። ስለዚህ ተማሪው በሰው ላይ መማሩን አልቃወምም። የሚያሳስበኝ የሚማርበት ሰው ማን እንደሆነና ያ ሰው ነገሩን አውቆ መፍቀድ አለመፍቀዱ ነው።

ጥቁር አንበሳን፣ ጎንደርን፣ ጅማን የመሳሰሉት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች አልጋ ላይ በብዛት የሚተኛው ከገጠር ሪፈር ተጽፎለት፣ ተራ ጠብቆ የገባ ሰው ነው። ገንዘብ ያለው ወደ ግል ሆስፒታል፣ ሲብስም ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ሕንድ ይሄዳል። ተማሪ ሆኖ በድሃው ገላ እጁን ያፍታታው ሐኪም ግን ስፔሻሊስት ሲሆን ባለጸጋውንም ያክማል። እንግዲህ እዚህ ላይ ምጽዋት ሰጪው ድሃው ነው፤ ተቀባዮቹ ደግሞ ሐኪሙና ወደፊት በሐኪሙ እጅ የሚድኑት ሁሉ ናቸው። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም እንደምንማረው፣ ምጽዋት የሚባለው በፈቃድ የተሰጠ ነው፤ ባለቤቱ ሳያውቅ የተወሰደ ለበጎ ሥራ ቢውልም ያው የተወሰደ ነው። ተጠይቆ የፈቀደ ሕመምተኛ ሰጪ ይሆናል፤ ያልተጠየቀው ግን፣ እጁ ያው እጅ፣ ስፌቱም ያው ስፌት ቢሆን እንኳ፣ መገልገያ ሆኗል።

የሕክምና ታሪክ ይህን በመራራ ምሳሌ ያሳያል። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ማሪዮን ሲምስ ለፊስቱላ የሚሆን ቀዶ ሕክምና ያዳበረው እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 በአላባማ ግዛት በባርነት የተያዙ ሴቶችን ያለማደንዘዣ ደጋግሞ በመቅደድ ነበር። አናርቻ፣ ቤትሲና ሉሲ የተባሉት የሦስቱ ስም ብቻ ነው የተረፈው። ከዚያ የተገኘው እውቀት ብዙ ሴቶችን እንደጠቀመ አይካድም፤ ሆኖም ጥቅሙ በደሉን አላነጻውም፤ ኒው ዮርክም እ.ኤ.አ. በ2018 ሐውልቱን ከሴንትራል ፓርክ አንስታለች። የዛሬው ተማሪ ሲምስ አይደለም። ግን ሴት በማደንዘዣ ተኝታ ሳለ ለተማሪዎች ልምምድ ሲባል ያለ ፈቃዷ ማህፀኗን መመርመር በአሜሪካ ሆስፒታሎች እስከ ቅርብ ጊዜ ይሠራበት ነበር፤ የፌዴራሉ ጤና መሥሪያ ቤት በጽሑፍ የሰጠችው ፈቃድ እንዲኖር በግልጽ ያዘዘው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ሕመምተኛን አስቀድሞ በመጠየቅ ላይ ከባዱን ተቃውሞ ያነሳው ራሱ ቀዶ ሐኪም የሆነው አቱል ጋዋንዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ልጁ የልብ ሕመም በገጠመው ጊዜ ክትትሉን በሥልጠና ላይ ለነበረው ሐኪም ከመስጠት ይልቅ ለአንጋፋዋ ሐኪም መስጠቱን ጽፏል። ምርጫ ከተሰጠ የሚችል ሁሉ ያመልጣል፣ ሸክሙም ማምለጥ በማይችለው ላይ ይወድቃል የሚል ስጋት አለው። ስጋቱ እውነት አለው። ነገር ግን መድኃኒቱ ድሃውን አለመጠየቅ ሊሆን አይችልም፤ ለራሳችን ልጅ ያልፈቀድነውን በሰው ልጅ ላይ በዝምታ ማድረግ ይሆናልና። በሌላ በኩል ሕመምተኞችን በጠየቁ ጥናቶች፣ አስቀድሞ በአክብሮት የተነገረው አብዛኛው ሰው ለተማሪ መገኘት ፈቃዱን ይሰጣል። ሰው ማካፈል አይጠላም። የሚጎዳው ሳይነገረው መቅረቱ ነው።

ሲኒየሩ ሐኪም በተማሪው አጠገብ እስካለ ድረስ ሕመምተኛው አይጎዳም፣ ታዲያ መጠየቁ ለምን አስፈለገ የሚሉም አሉ። ሰልጣኞች በቁጥጥር ሥር የተሳተፉባቸው ቀዶ ሕክምናዎች ረዘም ያለ ሰዓት ቢወስዱም የሞት መጠንን በጉልህ እንደማይጨምሩ ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። ይህ ሕመምተኛው ያለ ፍርሃት እንዲፈቅድ የሚነገረው መልካም ዜና ነው እንጂ ዝም ለማለት ምክንያት አይሆንም። ለእኛ አገር የበለጠ የሚከብደው የፈቃዱ እውነተኛነት ነው። ወራት ተራ የጠበቀ ሰው፣ ማንበብ በማይችለው ቅጽ ላይ ጣቱን ሲያትም፣ እንቢ ካልኩ ተራዬን እነጠቃለሁ ብሎ እየፈራ ከሆነ ያ ፈቃድ አይባልም።

ስለዚህ የማስተማሪያ ሆስፒታል ኃላፊዎች ይህን ያድርጉ፦ ሕመምተኛው ማደንዘዣ ከመውሰዱ በፊት፣ አስታማሚው ባለበት፣ በሚገባው ቋንቋ ማን ምን እንደሚሠራ ይነገረው፤ እንቢ ቢል ተራውም ሕክምናውም እንደማይነካ ይረጋገጥለት፤ ተማሪውም ራሱ ቀርቦ ስሙን ይናገር። መክፈል የሚችለው ወገን፣ ሐኪሞችና ባለሥልጣናትም ጭምር፣ ለራሱና ለቤተሰቡ ሕክምና ሲሄድ ተማሪ አጠገቡ እንዲቆም ይፍቀድ።