የታጠበችው ግልገል

በደቡብ ናይጄሪያ የደን አገር አንዲት ባልቴት ነበሩ። ከነበሯቸው ፍየሎች አንዷን አብልጠው ይወዷታል፤ ቁመቷ ከሰው ጉልበት እምብዛም የማያልፍ፣ ሌላውን ከብት የሚፈጀውን ገንዲ ችላ የምትኖር ድንክ ፍየል ናት።

ፍየሏ እርግዝናዋ 150 ቀን ገደማ ሲሞላው ከሌሎቹ ተለይታ አጥር ጥግ ገባች። መሬቱን በእግሯ ጫረች፤ ተኛች፤ ተነሳች። ባልቴቷ ምጥ መሆኑን አውቀው አልነኳትም። ውሃ ሊቀዱ ወጣ ባሉበት መንታ ወለደች። እናቲቱ የመጀመሪያውን ስትልስ የባልቴቷ የልጅ ልጅ ሁለተኛዋን ግልገል ከነእርጥበቷ አንስታ ሮጠች። በብርድ እንዳትሞት ሰግታ ለብ ባለ ውሃ አጠበቻት፤ በጨርቅ አደረቀቻት፤ እሳት ዳር አቅፋ አቆየቻት።

ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ግልገሏን ንጹሕ አድርጋ መለሰቻት። እናቲቱ አሸተተቻት፤ ደግማ አሸተተቻት፤ በቀንዷም ገፋቻት።

«አያቴ፣ ምን በደልኳት?» አለች ልጅቱ እያለቀሰች።

«ልጄ፣ የግልገል ስሟ ጠረኗ ነው። አንቺ ስሟን አጥበሽ አመጣሽላት።»

ባልቴቷ ግልገሏን በእንግዴ ልጁ እርጥበት አሹ። ፍየሏንም ይዘው እንገሩን አስጠቧት። ልጅቱም እንዳየችው ሦስት ቀን እየያዘች አስጠባች። በአራተኛው ቀን እናቲቱ ሳትያዝ ቆመችላት።

ምሳሌው ከእውነት የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የታተመ የፍየሎች ጥናት እንዳሳየው፣ እንደ ወለደች 5 ደቂቃ ከልጇ ጋር የቆየች እናት ተለይቷት ሲመለስ ትቀበለዋለች፤ ገና ሳታሸተው የተወሰደባት ግን አብዛኛውን ጊዜ ትገፋዋለች።

የሰው እናት ፍቅር በአንድ ሰዓት አይዘጋም። ቢሆንም እኛም አራስ ቤት ስንገባ ደግነታችን ይቸኩላል። ሕፃኑን ከእናቱ ደረት አንስተን ለማጠብ እንጣደፋለን፤ አንዳንዴም እንገሩን አስደፍተን ቅቤ እናቀምሰዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ሕፃኑ በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ ገላ መታጠቡ ግን 24 ሰዓት እስኪሞላው እንዲቆይ ነው።

እናትና ልጅ እስኪተዋወቁ አጠገባቸው ቆሞ መጠበቅም እርዳታ ነው። ከማጠብ ማጥባት ይቅደም።