ዐይነ ልቡና በቁጥር ይመዘናልን?

የቅኔ ተማሪ ሁለቱ የጉባኤ ቃና ቤት አልሞላ ሲለው አስተዋይ መምህር «ገና ዐይነ ልቡናው አልተከፈተለትም» ይላል እንጂ ልቡና የለውም አይልም። በዚህች «ገና» በምትል ቃል ውስጥ ብዙ ምስጢር አለ፤ ዛሬ ሁለት ቤት ያቃተው ልጅ ከጊዜ በኋላ ስምንቱን የመወድስ ቤት ሲዘርፍ ይገኛልና።

በአውሮፓ የአእምሮ መመዘኛ ያወጣው የፈረንሳዩ ሊቅ አልፍሬድ ቢኔም ከዚህ አሳብ የራቀ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ከባልንጀራው ከሲሞን ጋር ሆኖ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ 30 ፈተናዎችን ያዘጋጀው በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትን ሕፃናት ለይቶ ለመርዳት ነበረ፤ አእምሮም በልምምድ እንደሚያድግ አጥብቆ ተናግሯል። እርሱ በ1911 ከሞተ በኋላ ግን ሌሎች መመዘኛውን ወደ ፍርድ ለወጡት። በአሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ 1,700,000 ያህል ወታደሮች ተፈተኑ፤ ቋንቋውንና አገሩን ያልለመዱ መጻተኞች ዝቅተኛ ቁጥር ቢያገኙ፣ ጉድለቱ የዘራቸው ነው ብለው የጻፉ ሊቃውንት ተነሡ። መርጃው ማነወሪያ ሆነ ማለት ነው።

ቅዱስ ያሬድን በአጎቱ በጌዴዎን ዘንድ ሳለ መዝነውት ቢሆን ኖሮ ምን ቁጥር ይሰጡት ነበር? ትምህርት አልገባው ብሎ ተገርፎ ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ሆኖም ትሏ እየወደቀች ስትወጣ አይቶ ተመለሰ። ትል ዛፍ ላይ ስትወጣ ያላየ ሕፃን የለም፤ ከእርስዋ ለራሱ ምክር መቅሰም ግን ማስተዋል ነው። ለዚህ ማስተዋል ጥያቄ ያወጣለት ፈታኝ እስካሁን አላየሁም።

ነገሩ የሩቅ አገር ብቻ አይምሰለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ የቀሩት ልጆች በየቤቱ «ደንቆሮ» ተባሉ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ እንደ ነበረ፣ በደብረ ብርሃንም ተፈናቃይ ሞልቶ እንደ ነበረ ማን አሰበ? የተፈናቀለውን ልጅ ረኃብና ስጋት ከልቡናው ለይቶ የሚያሳይ ቁጥር የለም። ፈተና ይቅር አልልም፤ እኛም በየዕለቱ የተማሪውን ቅኔ ሰምተን እናርማለን፤ የምናርመው ግን የዛሬውን ነው።

እኔ ራሴ ይህን ባላስተዋልሁበት ዘመን ሁለት ክረምት የደከመውን አንዱን ደቀ መዝሙሬን «አንተ ለቅኔ አልተፈጠርህም» ብዬዋለሁ። በማግሥቱ ማለዳ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ አንኮበር መንገድ ሲያቀና ከደጄ ሆኜ አየሁት፤ አልጠራሁትም።