ከአራት ሰው ጋር የተያዘ ቀጠሮ

ዶታ 2 መግቢያ አያስከፍልም። ኮምፒውተርና ደህና ኢንተርኔት ያለው ወጣት ስቲም ከተባለው መደብር አውርዶ የዚያኑ ዕለት ይጫወታል። ተጫዋቾቹ «ሂሮ» የሚሏቸው ገጸ ባሕርያት ከ120 በላይ ናቸው፤ አንዳቸውም አይሸጡም። ተቀናቃኙ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ገጸ ባሕርያቱን በጨዋታ በተጠራቀመ ነጥብ ወይም በገንዘብ ሲያስከፍት ኖሯል። ዶታ ውስጥ ግን የሀብታም ልጅ ከድሃ ልጅ የበለጠ ጉልበት ገዝቶ አይገባም፤ በገንዘብ የሚገኘው ልብስና ጌጥ ነው። ከፍሎ ማሸነፍ በተለመደበት በዛሬው የስልክ ጌም ገበያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለ ጌም በጎ ቃል የማይወጣቸው ወላጆችም ቢሆኑ ይህን ሊነፍጉት አይገባም።

ታዲያ ነፃ ነገር ምን ይጎዳል? ዶታ ዋጋውን የሚቀበለው በሰዓትና በጠባይ ነው። አንድ ግጥሚያ ሲጀመር ተጫዋቹ ከአራት ሰዎች ጋር ቀጠሮ ይዟል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ከማያውቃቸው ጋር። የጌሙ ደግነት ከዚህ ቀጠሮ ይመነጫል፤ መዘዙም ከዚሁ ነው። ሊጀምረው ያሰበ ወጣት ከሁሉ በፊት ይህን ቢያውቅ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀርለታል።

ጌሙን የፈጠሩት ተጫዋቾች ራሳቸው ናቸው። ብሊዛርድ በ2002 ያወጣው ዋርክራፍት 3 ማንም ሰው የራሱን ካርታ የሚሠራበት መሣሪያ ነበረው (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዩል በሚል ቅጽል ስም የሚታወቅ ሰው የመጀመሪያውን የዶታ ካርታ ሠራ፤ ቆይቶ ስቲቭ ፊክ የራሱን አወጣ፤ ከእሱም በኋላ ሥራው አይስፍሮግ የሚል ስም ወደያዘ፣ ፊቱን ለሕዝብ አሳይቶ ወደማያውቅ ሰው ተላለፈ። ፊክ ሊግ ኦፍ ሌጀንድስን ወደሠራው ራዮት ሄደ። አይስፍሮግን ደግሞ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2009 ቀጠረው፤ ዶታ 2ም በ2013 በይፋ ወጣ።

ጨዋታው አምስት ለአምስት ነው። ሜዳው ሦስት መስመር አለው፤ በሁለቱ ጫፎች «ኤንሸንት» የሚባሉ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ የፈረሰበት ቡድን ተሸነፈ። በየመስመሩ «ክሪፕ» የሚባሉ ትንንሽ ወታደሮች በራሳቸው ጊዜ እየጎረፉ ይጋጠማሉ። ከእነሱ ወርቅ የሚያገኘው የመጨረሻዋን ምት ያሳረፈ ብቻ ነው። ጀማሪው አንዱን ክሪፕ ሲደበድብ ቆይቶ ሊገድለው ሲል፣ ከማዶ ያለው ተጫዋች የገዛ ወታደሩን ቀድሞ ይገድልና ወርቁን ያስቀርበታል። ደግሞ ቸኩሎ ቢመታ አይሞትለትም፣ ቢዘገይ ይቀደማል። ይህችን አንዲት ምት በልኩ መምታት ለመልመድ ብቻ ሳምንታት ይፈጃል፤ የሂሮዎቹ ችሎታና የሚገዙት ዕቃዎች ገና አልተነኩም። ደረጃ ወደሚያስገኘው ውድድር ለመግባት አዲስ ተጫዋች 100 ሰዓት ያህል መጫወት የሚጠበቅበትም ለዚህ ነው። መቶ ሰዓት! ነፃ ነው የተባለው ነገር የመጀመሪያ ሂሳቡ እዚህ ጋ ይመጣል፤ ተማሪ የሆነ ሰው ይህን ከፈተና ሰሞን ጋር አስተያይቶ ይግባ።

ከአምስቱ ሁለቱ «ሰፖርት» ናቸው፤ ወርቁን «ኬሪ» ለሚባለው፣ ቡድኑን ኋላ ላይ ለሚሸከመው ተጫዋች ትተው ለእሱ ዘብ ይቆማሉ። ሰፖርቱ ጫካ ገብቶ «ዋርድ» የምትባል ዓይን ይተክላል። ዋርዷ ስድስት ደቂቃ ታያለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ሮሻን የተባለው አውሬ የሚኖርበት ዋሻ አጠገብ በጊዜው የተተከለች አንዲት ዋርድ አምስቱን ተቃራኒዎች ሲያደቡ ታሳይና የአርባ ደቂቃ ግጥሚያ ትገለብጣለች። በጨዋታው ማብቂያ የሚወጣው ሠንጠረዥ ግን ከምንም በላይ ዓይን የሚስበው ማን ስንት ገደለ በሚለው ነው። ራሱን ማሳየት የሚወድ ልጅ አንድ ወር ሰፖርት ሆኖ ቢጫወት የሚጠቅመውን ያህል ብዙ ምክር አይጠቅመውም። ምስጋና ሳይጠብቁ ለሌላው መሥራት እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ጌም ጥቂት ነው።

ቀጠሮው ሲከበር ምን እንደሚገኝ ማየት የሚፈልግ የ2018ን የቫንኩቨር ውድድር ይመልከት። ውድድሩ ዲ ኢንተርናሽናል ይባላል፤ የዶታ የዓለም ዋንጫ ነው። ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ኦጂ ከተባለው ቡድን ሁለት ተጫዋቾች ለቀው ወደ ኢቭል ጂኒየስስ ሄዱ። የቀሩት አሠልጣኙን ሴባስቲያን ዴብስን መልሰው ተጫዋች አደረጉት፤ እዚህ ውድድር ላይ ረግጦ የማያውቀውን ፊንላንዳዊ ቶፒያስ ታቪትሳይነንን ጨመሩ፤ ዕረፍት ወስዶ የነበረውን አውስትራሊያዊ አናታን ፋምን አስመለሱ። ማጣሪያውንም ማንም ሰው መመዝገብ ከሚችልበት ከታችኛው በር ጀመሩ። መንገድ ላይ ጥለዋቸው የሄዱት የተሰለፉበትን ቡድን አሸነፉ። በፍጻሜው ከቻይናው ፒኤስጂ ኤልጂዲ ጋር ገጥመው 2 ለ 1 ከተመሩ በኋላ 3 ለ 2 አሸነፉ። ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰዱ፤ በቀጣዩ ዓመት ሻንጋይ ላይ እነዚያው አምስቱ ደገሙት። የቡድኑ መሪ ዮሐን ሱንድስታይን ደጋግሞ የሚያነሳው የእጅ ፍጥነት አልነበረም፤ ስለ መተማመን ነበር የሚናገረው።

አሁን ወደ መዘዙ። አንድ ግጥሚያ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከአንድ ሰዓት የሚያልፍም አለ። በሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ተስፋ የቆረጠ ቡድን ድምፅ ሰጥቶ እጁን መስጠት ይችላል። ዶታን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር የጀመረ ግን ይህ በር የለውም። እናት «ና እራት ቀረበ» ስትል ልጁ «አንዴ ልጨርስ» የሚለው፣ አዲስ አበባም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቴል አቪቭ፣ ሁልጊዜ ከእልህ አይደለም። እውነትም መነሣት አይችልም። አራት ሰዎች ይቀሩበታል። ጥፋቱ የተሠራው እራቱ ሊቀርብ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ግጥሚያውን ሲጀምር ነው። እናትም ጌሙ እንደ ፊልም ቆም ተደርጎ የሚቆይ አለመሆኑን ማወቋ አይከፋም፤ ሰዓቱን አስቀድሞ የመንገር ግዴታው ግን የልጁ ነው። አንድ ግጥሚያ ለመጀመር ከፊቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነፃ ጊዜ የሌለው አይጀምር።

ጌሙን ጥሎ የወጣ ይቀጣል። ግንኙነቱ ተቋርጦ አምስት ደቂቃ ካለፈ በተዉት ሰዎች መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ከደጋገመው ደግሞ እንደ እሱ ጥለው የወጡና በሌሎች ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ የተከሰሱ ወደሚሰበሰቡበት ወረፋ ይላካል። ከዚያ ለመውጣት የተወሰኑ ግጥሚያዎችን ማሸነፍ አለበት፤ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ተሰልፎ! ሥርዓቱ መብራት ስለጠፋ ነው ወይስ ተናዶ ስለዘጋው ብሎ አይጠይቅም። መብራት እየመጣ በሚሄድበት ሰፈር የሚኖር ተጫዋች ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕና በስልኩ ላይ ዳታ ይዞ ይጠብቅ፤ ዋይፋዩ ሲሞት ከስልኩ ይቀጥላል። ያ ከሌለው ደረጃ የሚያሰጠውን ትቶ ተራውን ይጫወት። ቫልቭ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰርቨር የለውም፤ በዱባይ፣ በአውሮፓና በደቡብ አፍሪካ ካሉት እየሞከሩ ፒንጉ (የምልክቱ መዘግየት) የሚሻለውን መምረጥ ነው። ከዚህ አንድ በጎ ነገር ይገኛል፦ አዲስ አበባ ያለው ልጅና ስቶክሆልም ያለው የአክስቱ ልጅ በአንዱ የአውሮፓ ሰርቨር ላይ በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ፤ በድምፅም ያወራሉ።

ስለ ስድብ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ዶታን አንድ ቀን የተጫወተ ያውቀዋል። ምክንያቱን ማየት ግን ይጠቅማል። አንዱ ሲሳሳት አራቱ ለአርባ ደቂቃ አብረውት ይቀጣሉ፤ ጥለው መሄድም አይችሉም። ቫልቭ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የጠባይ ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ በጣም የወረደበት በድምፅ የመናገር መብቱን እስከማጣት ይደርሳል። በ2023 ደግሞ «ስመርፍ» የሚባሉትን፣ ማለትም ጎበዝ ሆነው ሳለ በሌላ ስም ከጀማሪ ጋር እየገቡ የሚጨፈጭፉትን፣ 90,000 አካውንት ዘጋባቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ለአንዳንድ አጥፊዎች የበዓል ስጦታ ላከላቸው፤ ሲከፍቱት የወጣላቸው ከሰል ነበር፣ አካውንታቸውም ተዘጋ። ቀልድ የሚያውቅ ዳኛ እንዲህ ነው።

ወጣቱ ግን ዳኛ እስኪመጣ አይጠብቅ። ተሳዳቢውን በአንድ ጠቅታ ድምፁን መዝጋት ይቻላል፤ ይህ መደረግ ያለበት በመጀመሪያው ስድብ ላይ ነው፣ በአሥረኛው አይደለም። መልስ ለመጻፍ እጅ ከማውሱ ሲነሣ ሂሮው ቆሞ ይቀራል፤ የቆመ ሂሮ ደግሞ ይሞታል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የተሸነፈ ሦስተኛውን በዚያው ሌሊት አይጀምር። የደረጃ ነጥቤን ሳላስመልስ አልተኛም ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውንና አራተኛውንም ነጥብ አስረክቦ ይነጋበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ አስገብቶታል። በቀን ይህን ያህል ሰዓት የሚል መስፈሪያ አላስቀመጠም። የሚመለከተው ሰውዬው መጀመርና ማቆም ከቁጥጥሩ መውጣቱን፣ ጌሙ ከሌላው ኑሮው ሁሉ መቅደሙን፣ ጉዳቱን እያየም መቀጠሉን ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለዓመት ያህል ሲዘልቅ። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተጫውቶ እሑድ ኳስ ሜዳ የወጣ ልጅ እና በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ እየተጫወተ ትምህርቱን ያቋረጠ ልጅ አንድ አይደሉም።

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ ነገሩ ይወሳሰባል። የዲ ኢንተርናሽናል ሽልማት በ2011 ኮሎኝ ላይ 1.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2021 ቡካሬስት ላይ 40 ሚሊዮን ደረሰ፤ በጌም ውድድር ታሪክ ያልታየ ገንዘብ። የብዙ ልጆችን ልብ የሰቀለው ይህ ቁጥር ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቫልቭ ከ2013 ጀምሮ ለውድድሩ ተብለው ከሚሸጡ የጌጥ ዕቃዎች 25 በመቶውን ወደ ሽልማቱ ያስገባ ነበር። ከ40 ሚሊዮኑ የቫልቭን የራሱን መነሻ ቀንሶ ያሰላ ሰው ተጫዋቾቹ በአንድ ውድድር ሰበብ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከኪሳቸው እንዳወጡ ያገኛል፤ ሦስት አራተኛው ቫልቭ ጋ ቀረ። ሽያጩ በ2023 ሲያንስ ሽልማቱ ወደ 3 ሚሊዮን ወረደ።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የሚከፋው የሚወጣው ነገር ሳይታወቅ የሚከፈተው ሣጥን ነው። ኔዘርላንድስ በ2018 እንዲህ ያለው ሽያጭ ከቁማር ሕጓ ጋር ይጋጫል ስትል፣ ቫልቭ እዚያ ላሉ የዶታ ተጫዋቾች በሣጥኑ ያለውን አስቀድሞ ማሳየት ጀመረ። ማሳየት ይችል ነበር ማለት ነው። አንድ ልብስ በጣም የወደደ ልጅ ያችኑ ልብስ በቀጥታ ከስቲም ገበያ ይግዛት፤ ዋጋዋን አይቶ ይወስናል። ሣጥን አይክፈት። ውጭ ካለ አጎት ካርድ የሚለመንበት ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ለምን እንደሆነ ይነገረው፤ «ለትምህርት ነው» ተብሎ ለቀሚስና ለቆብ መዋሉ ከጌሙ ጋር ሳይሆን ከአጎት ጋር የሚያጣላ ነገር ነው።

ፕሮፌሽናልነትን የሚያልሙ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ስም ሱሜይል ሐሰን ነው። ካራቺ የተወለደው ይህ ልጅ በ2015 ሲያትል ላይ ዋንጫውን ሲያነሣ ዕድሜው 16 ነበር። ከጎኑ የቆመው የቡድን ጓደኛው ክሊንተን ሉሚስ ግን 27 ዓመቱ ነበር። ሉሚስን በ2014 በወጣው «ፍሪ ቱ ፕሌይ» ዘጋቢ ፊልም ላይ ያየ ሰው በ2011ዱ ውድድር ሳይሳካለት ሲቀር ያስታውሰዋል። ሱሜይልን የሚጠቅስ ልጅ ሉሚስንም ይጥቀስ፤ አንዱ ዋንጫ ለሁለቱ በጣም የተለያየ ዓመት አስከፍሏቸዋል። በየዓመቱ እዚያ መድረክ ላይ የሚወጡት ቡድኖች ከሃያ አይበልጡም፤ ተጫዋቾቹ ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው።

ትምህርት ቤት ያለ ልጅ ስለዚህ አራት ጓደኞቹን ይፈልግ፤ የሚያውቃቸውን፣ ነገ ክፍል ውስጥ ፊታቸውን የሚያያቸውን። በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ስድቡ ይቀንሳል፤ ሰዓቱም አስቀድሞ ይቆረጣል፣ ዓርብ ማታ ሁለት ግጥሚያ ተብሎ። ሌላም ጥቅም አለው፦ ዶታ ለብቻው ለገባ ተጫዋች ባይፈቅድም፣ አምስቱም አብረው ተሰልፈው ከገቡ፣ ጨዋታው እንደማይመለስ ሲያዩ ተስማምተው እጅ መስጠትና መነሣት ይችላሉ።