በጾም ወራት የሚታለበው ወተት የማን ነው?

ሰው ይጾማል እንጂ ላም አትጾምም። ይህ ነገር ለሁሉ የተገለጠ ሲሆን ከርሱ የሚወጣውን ጥያቄ ግን እምብዛም አንመረምረውም።

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፥ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ድረስ፥ በየጓሮው ላም አስሮ ወተት በመሸጥ የሚተዳደር ሰው አለ። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ ገዢው ይቀራል፤ ላሚቱ ግን ጧትና ማታ መታለቧ ግድ ነው፤ ሳትታለብ ብትቀር ጡቷ ይታመማልና። ባለላሙም ከወተቱ የቻለውን ይንጠዋል፤ ያልቻለው ተበላሽቶ ይደፋል።

«የራሱን ወተት ቢደፋ ማንን በደለ?» የሚል ቢኖር፥ የራሱ ብቻ አይደለም ብዬ እመልሳለሁ። ወተቱ ሳይታለብ አስቀድሞ ላሚቱ ገለባና ፉርሽካ በልታለች፤ እበቷ በዝናም ታጥቦ ወደ ቀበና ወንዝ ወርዷል፤ ስታመሰኳም ሚቴን የተባለው አየር ከሆዷ ወጥቷል። ይህም አየር በ100 ዓመት ሒሳብ ምድርን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ25 እጥፍ በላይ እንደሚበልጥ ሊቃውንት መዝነው አስረድተዋል። እንግዲህ ወተቱ ቢደፋ ዕዳው አብሮ አይደፋም፤ ከወንዙ በታች ለሚኖሩትና ገና ላልተወለዱት ይተርፋል።

«ከሆነስ ላሙ ይቀነስ» የሚልም አይጠፋም። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአገራችን 5 ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት ከመቶው 37ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት እንዳላገኙ ታውቋል። ሕፃኑ እየተራበ ወተት መድፋት፥ በምድርም በሰውም ላይ የሚደረግ ድርብ በደል አይደለምን?

በሥርዓታችን 7 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጾም አይታዘዝበትም። ሆኖም አንዳንድ እናት የጾም ዕቃዬ በፍስክ ይነካብኛል ስትል ለሕፃኗ ወተት ትከለክላለች። ለዚህ አንዲት ድስትና አንዲት ጽዋ ለብቻ መለየት ይበቃል፤ ይህንም ማስተማር የንስሐ አባቶች ፈንታ ነው።

ጿሚውም በፍስክ ወራት ለወተት የሚያወጣውን ገንዘብ በጾም አያቋርጥ፤ ወተቱ ግን ተፈልቶ ለድኻ ጎረቤቱ ልጅ ይሰጥ። ባለላሙም በበኩሉ እበቱን ወደ ወንዝ መስደዱን ትቶ ጉድጓድ ቆፍሮ ያከማቸው፤ ለጓሮው አትክልት ማዳበሪያ ይሆነዋልና። ይህ ብቻውን ምድርን ያድናታል አልልም፤ ነገር ግን ዕዳው አንድ ጊዜ ከተከፈለ ዘንድ፥ የተከፈለበት ወተት ለሕፃን አፍ ሊደርስ ይገባዋል። ከአፍ ተከልክሎ በአፈር ላይ የሚፈስ ወተት ብክነት እንጂ ጾም አይባልም።