የተዛነፈ ጎማ የማን ፈቃድ ነው?

የጎማ መዛነፍ የሚያመጣው አደጋ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ወይስ የሰው ስንፍና? ከደጀን በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ መኪና ሲገለበጥ «ቀኑ ደርሶ ነው» ይባላል። መልሱ መፈለግ ያለበት ግን መጀመሪያ ከቸርኬው ነው።

ኦፍሴት ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበት ገጽ ከጎማው ወርድ መሃል ያለው ርቀት ነው፤ በሚሊ ሜትር ይለካል። ከቸርኬው ጀርባ ስፔሰር (ማራቂያ ቀለበት) ገብቶ ጎማው ወደ ውጭ ሲወጣ ኩሽኔታው ከልኩ በላይ ይሸከማል፤ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታም መሪው ከእጅ ሊያመልጥ ይታገላል። አላይመንቱም (የጎማዎቹ አቅጣጫ አሰላለፍ) እንዲሁ ነው፦ የፊት ጎማዎች ከፊታቸው ወደ ውጭ ከተከፈቱ መኪናው ለመታጠፍ ይፈጥናል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ግን ይዋልላል። ለድሪፍት፣ ማለትም በጎን እያንሸራተቱ ለመንዳት፣ መኪና የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን አውቀው ያደርጉታል። የፊት ጎማውንም ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብሉታል፤ መሪው እስከ ጥግ ዞሮ መኪናው በጎኑ ሲንሸራተት አስፋልቱን እንዲይዝ። ስለዚህ መዛነፍ በራሱ ክፋት አይደለም። በዝግ ሜዳ ብቻውን የሚነዳ ሰው አደጋውን መርጦታል፤ የሚኒባስ ተሳፋሪ ግን አልመረጠም።

ዲማ ጊዮርጊስን የመሰለ የሊቃውንት ደብር ባለበት በቢቸና አካባቢ የፈቃዱ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ሰው ነጻ ፈቃድ አለው ይላል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የሰሊሆም ግንብ የወደቀባቸው 18 ሰዎች ከሌላው የባሱ በደለኞች አልነበሩም፤ ስለዚህ ሟችን መኮነን አይገባም። በማቴዎስ ምዕራፍ 4 ደግሞ መላእክት ይይዙኛል ብሎ ከመቅደስ ጫፍ መዝለል እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። የጎማው የውስጥ ጠርዝ ተበልቶ፣ ቴስቲናው (የመሪ ዘንግ መጋጠሚያው) ላልቶ እያየ ተሳፋሪ የሚጭን ሹፌርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጥፋቱን ባለንብረቱና ስፔሰሩን ያሰረው መካኒክ ይካፈሉታል።