የያሬድ እግር እና የወጌሻው እጅ

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሲነገር የኖረ አንድ የእግር ቁስል አለ። ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ከመመሰጡ የተነሣ በእጁ የያዘውን ጦር ሳያውቀው በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ። የሚያዜመው ሕመሙ አልተሰማውም፤ የሚያዳምጠውም ደሙን አላየም። ንጉሡ ልብ ሲል ደንግጦ ጦሩን ነቀለ፤ ስለ ካሳው የወደደውን እንዲጠይቀውም ፈቀደለት። ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልለመነም። እንዲሰናበት ብቻ ጠየቀና ወደ ሰሜን ተራሮች ወጣ፤ ቀሪ ዘመኑንም በምናኔ በዚያው ፈጸመ። ዛሬ ከሰሜን ከፍታዎች አንዱ አባ ያሬድ ይባላል።

ያንን ቁስል ማን እንዳጠበው፣ በምን እንደታሰረ፣ የተወጋው እግር ያን ሁሉ አቀበትና ቁልቁለት እንዴት እንደቻለው ትውፊቱ አይተርክም። ከዜማው ታላቅነት አንጻር ጥያቄው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ሰውነቱን ለአንድ ታላቅ ነገር የሰጠ ሰው ሁሉ ግን የያሬድ ዕጣ ይደርሰዋል። ሯጩ በውድድር መካከል የተሰነጠቀ አጥንቱን አይሰማውም። ኳስ ተጫዋቹ ግጥሚያው እስኪያልቅ ጉልበቱ ማበጡን አያውቅም። ባለቤቱ ያልሰማውን ሕመም የሚሰማለት ማን ነው? ያ ሰውስ በሌላው ገላ ላይ እጁን የሚያሳርፍበትን ሥልጣን ከየት ያገኛል፤ ከጸጋ ነው ወይስ ከትምህርት?

ደባርቅ ይህን ጥያቄ በእግሯ ታውቀዋለች። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመውና በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። አስጎብኚው፣ የፓርኩ ጠባቂ የሆነው ስካውት፣ በቅሎ ጫኚውና ምግብ አብሳዩ በፓርኩ ካምፖች መካከል፣ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚመላለሱት በእግራቸው ነው። በዳገቱ የሚፈተነው ሳንባ ነው፤ በቁልቁለቱ የሚጎዳው ጉልበት። ቁልቁል ሲወረድ የጭን የፊት ጡንቻ እየተሳበ ክብደት ይሸከማል። ይህ ዓይነቱ ሥራ የጡንቻውን ክሮች በጥቃቅኑ ስለሚጎዳ ሕመሙ የሚብሰው በዕለቱ ሳይሆን በማግስቱና በሠልስቱ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ወለምታ ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ ያረፈ እግር ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በቁርጭምጭሚቱ የውጭ ጎን ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ። ሰውየው «ወለም አለኝ» ብሎ ይቀመጣል። በበቅሎ ተጭኖ ሲወርድ በየደረሰበት የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ ወጌሻ ጋ ውሰዱት።

ወጌሻ የሚለው ቃል ራሱ የጉዳዩን ግማሽ ይናገራል። በገጠር ወጌሻ የተሰበረውን የሚጠግን፣ የወለቀውን የሚመልስ፣ ወለምታውን በቅቤ የሚያሽ ሰው ነው። በስታዲየም ደግሞ ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ባለሙያ የኳስ ዘጋቢዎቻችን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው። በሌላው ዓለም ስፖርት ቴራፒስት ወይም የስፖርት ፊዚዮቴራፒስት ተብሎ ለዓመታት ትምህርት ቤት የሚቀመጠውን ሰው አማርኛ ከመንደሩ አጥንት ጠጋኝ ጋር በአንድ ወንበር አስቀምጦታል። ቋንቋው ሁለቱን ሲያጎራብት ሙያው ግን ገና አላስተዋወቃቸውም።

የመንደሩ ወጌሻ ብዙውን ጊዜ ሙያውን የሚያገኘው ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ነው። ሕዝቡም እጁን እንደ ጸጋ ያየዋል፤ «እጁ መድኃኒት ነው» ይባላል። አባባሉ ከንቱ አይደለም። በጣቱ ጫፍ የአጥንቱን መስመር የሚከተል፣ ታካሚውን በጨዋታ አዘናግቶ የወለቀውን ትከሻ የሚመልስ፣ ሌሊትም ቢጠሩት የሚነሣ ሰው ክብር ይገባዋል። ሐኪም ቤት በራቀበት አገር ስንቱን እግር ለዳግም እርሻ ያበቃው እርሱ ነው።

ሌላም እውነት አለ። የተሰበረ ክንድ በቀርቀሃ ወይም በሸምበቆ ተጠፍሮ ሲታሰር እብጠቱ መውጫ ያጣል። ደም መዝለቅ ያቆማል። መጀመሪያ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ፣ ቀጥሎ ይደነዝዛሉ፣ በመጨረሻ ይጠቁራሉ። በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ታሪክ የኢትዮጵያ ሐኪሞች በጻፏቸው ጥናቶች ተደጋግሞ ሰፍሯል። ትኩስ ጉዳትን አጥብቆ ማሸትም እንዲሁ ነው፤ ተመትቶ የደማ ጡንቻ በኃይል ሲታሽ ይበልጥ ይደማል፣ አንዳንዴም በጡንቻው ውስጥ አጥንት ይበቅላል። ያ እጅ ጸጋ አልጎደለውም። የጎደለው መቼ መንካት እንደሌለበት የሚያሳውቀው ትምህርት ነው።

ይህ ትምህርት ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 ኢያን ስቲል የተባለ ካናዳዊ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በኦታዋ ከተማ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሣ፦ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ካለው ሰው መካከል ራጅ የሚያስፈልገው የትኛው ነው? መልሱ የሚገኘው በሁለት ጣትና በአራት እርምጃ ሆነ። መርማሪው በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ጉብታዎች የኋላ ጠርዝ፣ ከጫፋቸው ወደ ላይ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ፣ በጣቱ ይጫናል። የእግሩን የመሐል ቅስት አጥንትና ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደውን አጥንት ሥርም ይጫናል። ከዚያ ታካሚው አራት እርምጃ እንዲራመድ ይጠይቀዋል። አጥንቱ ሲጫኑት ካመመው ወይም አራቱን እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሣ፤ ካልሆነ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። መሣሪያ አይጠይቅም፣ መብራት አይፈልግም። ጨነቅ ካምፕ ላይ፣ ምሽት ላይ፣ በኩራዝ ብርሃን ሊሠራ ይችላል። ወጌሻው በጣቱ ማወቅን ያውቃል፤ የሚጎድለው ጣቱ የት ላይ ማረፍ እንዳለበት በሺህ በሚቆጠሩ ታካሚዎች የተፈተነው ዕውቀት ብቻ ነው።

አንዳንድ አማኝ እዚህ ላይ ይቃወማል። ፈውስ የእግዚአብሔር ስጦታ ከሆነ የምስክር ወረቀት ምን ያደርግለታል? ጸጋስ በዲግሪ ይለካል?

የዚህን መልስ የያዘችው ራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። የያሬድን ዜማ ሰማያዊ ስጦታ አድርጋ ትቀበላለች። ያው ትውፊት ግን ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ከአጎቱ ከጌዴዎን ሸሽቶ እንደነበር፣ ከዛፍ ሥር አርፎ ሳለ አንዲት ትል እየወደቀች እንደገና ስትወጣ አይቶ ወደ መምህሩ እንደተመለሰ ይተርካል። ጸጋው የመጣው ወደ ጉባኤው በተመለሰው ልጅ ላይ ነው። ከእርሱ በኋላ የተሠራው ሥርዓትም ይህንኑ ያጸናል። የያሬድን የዜማ መጽሐፍ ድጓን በቃሉ የያዘ ሰው ሊቅ ሆንኩ ብሎ አይቀመጥም፤ ቤተ ልሔም ወደሚባለው የድጓ ጉባኤ ቤት ወርዶ ያስመሰክራል። ዝማሬ መዋሥዕትን ዙር አባ፣ አቋቋምን ጎንደር ሄዶ ያስመሰክራል። የተማረ ሰው እንደገና ተማሪ ሆኖ በሚያርመው መምህር እግር ሥር ይቀመጣል። ሁለተኛ ዲግሪ የሚባለው ነገር ለሰሜንና ለበጌምድር ሰው እንግዳ የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ ማስመስከር ማለት ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪ ፊዚዮቴራፒስቱን ምን ማድረግ እንዳለበት ያስተምረዋል። ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ደግሞ የተማረውን እንዲመረምር ያስገድደዋል። ጌብ ሚርኪን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1978 ለስፖርት ጉዳት እረፍት፣ በረዶ፣ ጥብቅ ጥቅልና እግርን ከፍ ማድረግ የሚል ምክር በመጽሐፉ አሠፈረ፤ ምክሩም በዓለም ዙሪያ የብዙ አሠልጣኞች መመሪያ ሆነ። በ2014 ያው ሐኪም በረዶና ፍጹም እረፍት ፈውስን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ በይፋ ጽፎ የራሱን ቃል አረመ። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ደግሞ የታመመ የተረከዝ ጅማት ክብደት ተሸክሞ ቀስ ብሎ ተረከዝን ቁልቁል በማውረድ፣ በቀን 180 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንታት ሲሠራ እንደሚሻለው አሳየ። ብዙዎች የሚያዝዙት እረፍት ነበር፤ ጅማቱ የፈለገው ሥራ ሆኖ ተገኘ። በ2005 ተመርቆ መጽሐፉን የዘጋ ባለሙያ ዛሬም ያረጀውን ምክር ይሰጣል። የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ሲያሳድስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና እንዲወስድ በአገራችን የሚጠየቀው ስለዚህ ነው። ሥልጠናው የወረቀት ማሟያ ሲሆን የሚታለለው መሥሪያ ቤቱ ሳይሆን ታካሚው ነው።

ትምህርቱ ሌላም የሚፈታው ቋጠሮ አለ፤ ባለሙያው የሚያገለግለው ማንን ነው የሚለው። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን የሮጠው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ሳምንታት በኋላ ነበር። አሸንፎ ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ተንጋሎ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም በመደነቅ አየው። ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ እግሩን እንደታመመ ተሰልፎ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጥያቄው ይከብዳል። አገር በሙሉ ድል በሚጠብቅበት ማለዳ፣ ሯጩም ልሩጥ በሚልበት ሰዓት፣ አንዱን ቀን «ሂድ» ሌላውን ቀን «ቅር» ለማለት ጠንካራ እጅ ብቻውን አይበቃም። ማስረጃን መመዘን የለመደ አእምሮና ለክለብ ወይም ለፌዴሬሽን ሳይሆን ለሰውየው የታመነ ኅሊና ያስፈልጋል።

አበበ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆን የታከመው በእንግሊዝ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው። በዚያ ሆስፒታል ከናዚ ጀርመን የተሰደደው የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ 16 ቁስለኞችን በቀስት አወዳድሮ ነበር። ከዚያ ጅማሬ ፓራሊምፒክ ተወለደ። አበበም በዚያው በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ቀስት ወረወረ፤ በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። እግሩ አልዳነም። ስፖርተኛነቱ ግን ተመለሰለት። ፈውስ ሲባል አጥንትን ወይም ነርቭን ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሆስፒታል በአበበ ላይ ተሸንፏል ይባል ነበር። ማንም ግን እንዲህ አይልም።

ወንጌሉ ስለ ደጉ ሳምራዊ የሚተርከውም ከዚህ አይርቅም። ሳምራዊው በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረ፣ በእንስሳው ላይ ጭኖ ወደ ማረፊያ ወሰደው፣ ለባለ ቤቱ ከፈለ፣ ሲመለስም የቀረውን ሊከፍል ቃል ገባ። የሰሜን ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ተግባራት አሳምረው ያውቁባቸዋል። የሚጎድለው የመጨረሻው ነው፤ ተመልሶ ማየት፣ መከታተል፣ እግሩ ዳግም በቁልቁለቱ እስኪተማመን አብሮ መቆየት። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ያከብራል፤ ስለዚህ መማር ከእምነት መጉደል ነው የሚል ክርክር ከራሱ ከመጽሐፉ ድጋፍ አያገኝም።

ለዚህ ትምህርት የሚሆን ቤት በቅርብ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ፤ በአገሪቱ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ቀድመው ካስተማሩትም አንዱ ነው። ዳባት ላይ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ የነዋሪውን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለው። ደባርቅ የራሷን ዩኒቨርሲቲ አግኝታለች። ሦስቱ ከተሞች በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፈዋል። የመመረቂያ ርእስ የጠፋው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ካለ፣ የበቅሎ ጫኚው ጉልበት በሰሜን ቁልቁለት ላይ ስንት ዓመት ይቆያል ብሎ ይጠይቅ። በሰሞነ ሕማማት በመቶ የሚቆጠር ስግደት የሚሰግዱ እናት ጉልበታቸውን ሲያማቸው ምን ይመከሩ? ስግደቱን አቁሙ ማለት ቀላል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ስለምትሰጠው ፈቃድ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክሮ፣ ጉልበቱንም አጠንክሮ መንገድ ማበጀት ግን ጥናት ይጠይቃል። ይህን ጥናት ለንደን ወይም ቶሮንቶ ያለ ተመራማሪ አይሠራልንም።

እስከዚያው ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። የፊዚዮቴራፒ መምህራን በዓመት አንድ ጊዜ የደባርቅና የዳባት ወጌሻዎችን፣ የክለብ አሠልጣኞችን፣ የፓርኩን ስካውቶችና አስጎብኚዎችን ይጥሩ። አክብረው ያስቀምጧቸው፤ መጀመሪያ ከእነርሱ ይስሙ። ከዚያ ሁለት ነገር ያስተምሯቸው፦ የታሰረ እግር ጣቶች ሲቀዘቅዙ ወይም ሲደነዝዙ ማሰሪያውን ወዲያው መፍታት፣ ወለም ያለውን ሰው ደግሞ ከማሸት በፊት አራት እርምጃ ማስኬድ። ለዚህ አንድ ክፍል፣ ሁለት ቀንና ፈቃደኛ መምህር ይበቃል።