ወንጀለኛው ወፍ፣ መርማሪውና «መጤ» የምትባለው ቃል

የነቀምቴው ቡርቃ ጃቶ ይሁን ጊምቢ፣ ደምቢዶሎ ይሁን የአዲስ አበባው መርካቶ፣ የወንጀል ፊልም የሚያዘወትር ሰው ሁሉ የፊልሙን አካሄድ አስቀድሞ ያውቀዋል። ገና ከመጀመሩ አንድ ሰው ተገድሎ ይገኛል። መርማሪው ይመጣል። ተጠርጣሪዎች ይደረደራሉ። ተመልካቹም በልቡ አንዱን ይዞ «እሱ ነው! አይኑን እዩት!» ይላል። በመጨረሻ አንድ ፊት ይጋለጣል። በፊልሙ ውስጥ የደረሰው መከራ ሁሉ በዚያ ሰው ትከሻ ላይ ይራገፋል፤ ሰዉም እፎይ ብሎ ወደየቤቱ ይበተናል።

ለመሆኑ ይህ እፎይታ ከየት የመጣ ነው? ጉዳት በደረሰ ቁጥር የግድ አንድ ተንኮለኛ መኖር አለበት ብለን የምናምነውስ ለምንድን ነው? ጥያቄው የመዝናኛ ጥያቄ ብቻ ይመስል ይሆናል። ሆኖም በአገራችን፣ በተለይም በወለጋ ምድር፣ በዚህ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ምክንያት ደም ፈሷል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንመርምረው። ምርመራውንም ከሰው ሳይሆን ከወፍ መጀመር ይሻላል፤ ወፍ ጠበቃ አቁማ አትከራከርምና፣ በእርሷ ላይ የምንፈርደው ፍርድ የራሳችንን ልብ ወለል አድርጎ ያሳየናል።

ጉዳቱ አለ፤ ጥፋተኛው ግን ማን ነው?

እንደሚታወቀው በአገራችን ገበሬ ዘንድ ስሙ ክፉኛ የጠፋው ወፍ ግሪሳ ነው። አንዱ ግሪሳ በቀን የሚበላው እህል አሥር ግራም ገደማ ቢሆን ነው፤ ለብቻው ሲታይ ከምንም አይቆጠርም። አንድ ሚሊዮን ሆኖ በማሽላ ማሳ ላይ ሲያርፍ ግን በቀን አሥር ቶን፣ ማለትም መቶ ኩንታል ያወድማል። ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ልጅ አይችለውም። ለዚህም ነው በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ግሪሳ ባደረበት ቦታ ላይ በአውሮፕላን መድኃኒት የሚረጨው።

ከአገራቸው ውጪ ተወስደው ለአካባቢው ጠንቅ የሆኑ ወፎችም አሉ። የሕንድ ቁራ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዛንዚባር የገባው ቆሻሻ እንዲያጸዳ ተብሎ በሰው እጅ ነው። ከዚያ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተስፋፋ፤ የአገሬውን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ይበላ ጀመር። በቀይ ባሕር በኩልም ምፅዋ፣ ፖርት ሱዳንና ጅቡቲ ላይ ይገኛል። የኬንያ መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮን የሚሆኑትን ለማጥፋት መነሣቱን አስታውቆ ነበር። በአሜሪካም እንዲሁ፣ ስታርሊንግ የምትባለውን የአውሮፓ ዘማሪ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1890 አንድ ሰው 60 ያህል አምጥቶ ኒውዮርክ መናፈሻ ውስጥ ለቀቀ፤ በዓመቱ ሌላ 40 ጨመረ። ዛሬ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሆነው ከአገሬው ወፎች ጋር በጎጆ ይሻማሉ።

እዚህ ላይ ፍርድ እንስጥ ቢባል ማንን እንከሳለን? ቁራው መርከብ አልተከራየም። ስታርሊንግዋ ቀፎዋን በገዛ እጇ አልከፈተችም። ግሪሳውም ዝናብና የሣር ዘር ተከትሎ የሚኖር የአፍሪካ ተወላጅ እንጂ ለማንም ቂም የቋጠረ አይደለም። የደረሰው ጉዳት እውነት ነው፤ ተንኮል ያሰበ ልብ ግን በወፉ ውስጥ አናገኝም። ጥፋት ተብሎ ሊጠየቅ የሚችለው ቀፎውን የከፈተው፣ መርከብ ላይ የጫነው፣ መዘዙን ሳያስብ የለቀቀው ሰው ነው። እሱ ግን ከፊልሙ ውስጥ የለም።

ታዲያ ገበሬው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት ነው? አይደለም። የእስልምና ትምህርት በዚህ ረገድ ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሐረም ክልል ውስጥ እንኳ እንዲገደሉ ከፈቀዷቸው አምስት ጎጂ እንስሳት መካከል ቁራ ይገኝበታል። በሌላ በኩል ደግሞ ድንቢጥን ያለ አግባብ የገደለ ሰው በቂያማ ቀን በአላህ ፊት ክስ እንደሚጠብቀው ኢማም ነሳኢ በዘገቡት ሐዲስ ተላልፏል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው መልእክቱ ግልጽ ነው። ጉዳትን መከላከል ይፈቀዳል፤ በጥላቻና በከንቱ ማጥፋት ግን አይፈቀድም። የሚከላከል ሰው ጉዳቱ በቆመበት ላይ ይቆማል። የሚጠላ ሰው ግን ማቆሚያ የለውም።

ሆዱ ተከፍቶ የተመረመረው ድንቢጥ

ማቆሚያ የሌለው ጥላቻ ምን እንደሚያስከትል ቻይና አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1958 የማኦ መንግሥት «አራቱ ጸሮች» ብሎ አይጥ፣ ዝንብ፣ ትንኝና ድንቢጥ ላይ ዘመቻ አወጀ። የድንቢጧ ወንጀል እህል መብላት ነበር። ሕዝቡ ድስትና ከበሮ እየደበደበ፣ ወፎቹ ማረፊያ አጥተው እየደከሙ እስኪወድቁ አሳደዳቸው።

በኋላ ሳይንቲስቶች የድንቢጦችን ሆድ ከፍተው መረመሩ። የተገኘው ማስረጃ ተከሳሿ ከእህሉ ይልቅ እህል የሚያጠፉትን ነፍሳት አብዝታ ትበላ እንደነበር የሚያሳይ ነው። በ1960 ድንቢጧ ከዝርዝሩ ወጥታ በቦታዋ ትኋን ተተካ። ነገር ግን ረፍዶ ነበር። ጠባቂ ያጣው ማሳ በተባይ ተወረረ፤ ይህም በሌሎች የመንግሥት ስሕተቶች ላይ ተደርቦ፣ ሚሊዮኖችን ለፈጀው ረሀብ የበኩሉን አስተዋጽኦ አደረገ። ውድ አንባቢያን፣ ምርመራው ከፍርዱ በኋላ ሲመጣ ውጤቱ ይኸው ነው።

ትክክለኛውን ቅደም ተከተል የምናገኘው በሱረቱ አን-ነምል ውስጥ በተነገረው የነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ነው። ነቢዩ ሱለይማን ወፎችን ሲቃኙ ሁድሁድን አጧት። ያለ ፈቃድ ቀርታለችና ብርቱ ቅጣት እንደሚጠብቃት ተናገሩ። ሆኖም አንድ በር ክፍት ተዉላት፤ ግልጽ ማስረጃ ካመጣች ትድናለች። ሁድሁድ መጥታ ስለ ሰበእ ንግሥትና ስለ ሕዝቧ አወራች። ንጉሡ ወዲያው አላመኑም፤ ወዲያውም አልቀጡም። እውነት ወይም ውሸት መሆኑን እናያለን ብለው ደብዳቤ ሰጥተው ላኳት። ነፋስና ጋኔን የተገራለት ንጉሥ አንዲት ወፍ ሳትጠየቅ አልፈረደባትም። ዛሬ እኛ ጎረቤታችንን ለመኮነን የአንድ ቀን ወሬ ይበቃናል።

መርማሪውስ ማን ይመርምረው?

ወደ ፊልሙ እንመለስ። የወንጀል ፊልም ትልቁ ጉድለት ጥይቱና ደሙ ብቻ አይደለም። ትልቁ ጉድለት ተመልካቹን ሁሉን አዋቂ ማድረጉ ነው። ካሜራው ገዳዩን ስላሳየን መርማሪው ያለ ፈቃድ በር ሲሰብር፣ ሰው ሲደበድብ፣ የሰው ደብዳቤ ሲከፍት «ይበል!» እንላለን። በእውነተኛው ዓለም ግን የልብን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ሱረቱ አል-ሑጁራት ምእመናንን ከአብዛኛው ጥርጣሬ እንዲርቁና እርስ በርሳቸው እንዳይሰላለሉ የሚያስጠነቅቀው ለዚህ ነው። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ሌሊት ግድግዳ ተሻግረው አንድን ሰው በኃጢአት ላይ እንደያዙት፣ ሰውየው ግን «እኔ አንድ ባጠፋ አንተ ሦስት አጥፍተሃል፤ ሰልለሃል፣ በበር አልገባህም፣ ፈቃድም አልጠየቅህም» በሚል መንፈስ እንደመለሰላቸው፣ ኸሊፋውም እንደተውት ይተረካል። ኃጢአቱ እውነት ሆኖ ሳለ እንኳ መንገዱ ተወገዘ።

ከራሳቸው ከፊልሞቹ መካከል ይህን የተረዱ አሉ። በየቪዲዮ ቤቱ ይታዩ ከነበሩት የሕንድ ፊልሞች አንዱ የሆነውን የ1978ቱን «ዶን» እናስታውስ። አሚታብ ባቻን የሚጫወተው ምስኪን፣ መልኩ ከሞተው ወንጀለኛ ጋር ስለተመሳሰለ ፖሊሱ በምስጢር በወንበዴዎቹ መካከል ያስገባዋል። ንጹሕነቱን የሚያውቀው ያ አንድ ፖሊስ ብቻ ነው፤ እሱም ይሞታል። ከዚያ በኋላ ሰውየውን ፖሊስም ወንበዴም ያሳድደዋል። የኢንተርፖል መኮንን ነኝ ብሎ መርማሪ መስሎ የተቀመጠው ደግሞ ራሱ የወንበዴዎቹ አለቃ ሆኖ ይገኛል። መልክ ማስረጃ አይደለም፤ የመርማሪ ልብስም የእውነት ዋስትና አይደለም።

«ዲዋር» በተባለው የ1975 ፊልም ደግሞ ሰዎች አንዱን ሕፃን ይዘው አባቱ ሌባ ነው የሚል ጽሑፍ በክንዱ ላይ ይነቅሱታል። ሕፃኑ የሰረቀው ነገር የለም። ያ ንቅሳት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም፤ በመጨረሻም የፈረጁትን ሆኖ ተገኘ፤ ፖሊስ የሆነው ወንድሙም ሊያድነው ወጣ። አንድም ነፍስ የሌላይቱን ሸክም አትሸከምም የሚለው የቁርኣን መርሕ ሲጣስ ሕፃናት ላይ ምን እንደሚደርስ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ቃሏ ከወፍ ወደ ሰው ስትሻገር

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። ሳይንሱ ከሌላ አገር ገብቶ ጉዳት የሚያደርስን እንስሳ ወይም ተክል በአማርኛ «መጤ ወራሪ ዝርያ» ይለዋል። ለእንስሳና ለአረም ሲነገር ቃሉ ሥራውን ይሠራል። ነገር ግን «መጤ» የምትለዋ ቃል ከመጽሐፍ ወጥታ በሰው ላይ ስትለጠፍ፣ ሰውየው ስሙን፣ ሥራውንና ልጆቹን ተነጥቆ «ዝርያ» ይሆናል። ዝርያ ደግሞ ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ይጸዳል እንጂ።

ይህ ባዶ ፍልስፍና አይደለም። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች በግፍ ተጨፈጨፉ። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ አሙሩ ወረዳ አጋምሳ ከተማ ደግሞ ሌሎች ሰላማዊ ሰዎች በሌሎች ታጣቂዎች ተገደሉ። ሟቾቹ በአንዱ ቦታ አማራ፣ በሌላው ኦሮሞ ተብለው ተጽፈዋል። በአላህ ፊት ግን ሁሉም የአደም ልጆች ናቸው።

ቃሏ ምን ያህል ከሃዲ እንደሆነችም ልብ እንበል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በመንግሥት ሠፈራ ከወሎ ወደ ወለጋ የመጣ ሰው፣ ልጁና የልጅ ልጁ እዚያው ተወልደው እንኳ «መጤ» ይባላል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከካማሺ ዞን የተባረሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም ኦሮሞዎች የሆኑ ወገኖች፣ ወደ ነቀምቴና ወደ ምሥራቅ ወለጋ ገቡ። እነርሱም ከወንዙ ማዶ «መጤ» ተብለው ነው። ነቀምቴ ላይ ባለ አገር፣ ካማሺ ላይ መጤ! በአንድ ቀን ጉዞ ሰው ከባለቤትነት ወደ ወራሪነት የሚለወጥ ከሆነ፣ ጉድለቱ ያለው በሰውየው ላይ ሳይሆን በቃሏ ላይ ነው።

አንዳንዶች «ታዲያ ወንጀለኛ የለም ልትለን ነው?» ይሉ ይሆናል። አለ እንጂ! በቶሌም በአጋምሳም ጥይት የተኮሰ ጣት አለ፤ ያዘዘ አንደበት አለ። ወፉ ከተጠያቂነት ነፃ የሆነው ምርጫ ስለሌለው ነው፤ ሰው ግን ምርጫ አለውና ይጠየቃል። የሚጠየቀው ግን በሠራው በራሱ ሥራ፣ በስሙ ተጠርቶ፣ በማስረጃ ነው። ገዳዩን ትቶ የገዳዩን ብሔር ማሳደድ መርማሪ አያሰኝም፤ ሁለተኛ ገዳይ ያደርጋል። በኦሮሞ ባህልም የጉማ ሥርዓት የገዳዩን ጎሣ የሚጠራው ሊጨርሰው ሳይሆን ካሣ ከፍሎ እርቅ እንዲያወርድ ነው። ሚሼል ፓፓታኪስ በ1960ዎቹ «ጉማ» በሚል ርእስ በዚሁ ባህል ላይ ፊልም የሠራበት ምክንያት ነበረው፤ ደም የሚቆምበትን መንገድ ማወቅ ከገዳዩ ማንነት ያላነሰ ታሪክ ነው።

ነጃሺ ምን አደረገ?

እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች «መጤ» የሚለውን ቃል ልንጸየፍ የሚገባን ተጨማሪ ምክንያት አለን። እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሰሓባዎች በዚህ አገር መጤዎች ነበሩ። ቁረይሾች ዐምር ኢብን አል-ዓስን ከጓደኛው ጋር ስጦታ አስይዘው ላኩ። የመልእክተኞቹ ብልሃት የሚደንቅ ነው። አስቀድመው ለንጉሡ አማካሪዎች ስጦታ ሰጥተው፣ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ እንዲመለሱ እንዲመክሩላቸው ለመኑ። ምክንያቱም ተከሳሹ አፉን ከከፈተ ነገሩ እንደሚበላሽባቸው ያውቁ ነበር።

ነጃሺ ግን ሳይሰማ አሳልፎ አልሰጠም። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቆሞ ተናገረ፤ ንጉሡ ሁለቱንም ወገን አዳመጠ፤ ስጦታውን መልሶ ስደተኞቹን በሰላም አኖረ። ያ ንጉሥ ፖሊስ አልነበረውም፤ አሻራ የሚያነሣ መሣሪያም አልነበረውም። የነበረው አንድ ነገር፣ ፍርድ ከመስማት በኋላ እንደሚመጣ ማወቁ ነው። እስልምና በዓለም ላይ ከቀጠለባቸው ሰበቦች አንዱ ይህች ትዕግሥት ናት።

ዛሬ በሻይ ቤት፣ በሱቅ በር ላይ፣ ከጁሙዓ ሶላት መልስም ወሬ ይደርሰናል። «እነ እገሌ ናቸው፣ ዘራቸው ነው፣ እንደ ግሪሳ ወረሩን» ይባላል። ያን ጊዜ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። ጉዳቱን ያደረሰው በስሙ ማን ነው? ማስረጃው የት አለ? የተከሰሰውስ ተሰምቷል? መልስ ከሌለ ወሬው ከእኛ አይለፍ፤ ከእኛ ያለፈ እንደሆነ ነገ ለሚፈሰው ደም ምስክር ሳይሆን ተባባሪ እንሆናለን።

በምድር ላይ የመጀመሪያው የነፍስ ግድያ ሲፈጸም ወንድም ወንድሙን ገደለ። በቦታው የደረሰው ወፍ ደግሞ ቁራ ነበር፤ ያ ጎጂ የምንለው ቁራ። አላህ የላከው ለገዳዩ የወንድሙን ሬሳ እንዴት እንደሚሸፍን ሊያሳየው ነው። በዚያ ቀን ወንጀለኛው ወፉ አልነበረም። ወላሁ አዕለም።